ጆሮን ለባለቤቱ ባዳ ስላደረገው ማዳመጫ

ለክቡር አቶ ቡላሌ ሻሬ
በሐርጌሳ የገመድ አልባ ጆሮ ማዳመጫ ወኪል ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ጆሮ ላለው ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

የፈጣሪ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎ፣ ግመሎች ካሉዎትም በግመሎችዎ ላይ ይሁን። እርስዎ ባሉበት ሠፈር ዝናቡ እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከሁሉም በላይ ግን ጆሮዎ እንደምን ሰንብቷል? ሰው ጆሮው ደህና ከሆነለት ሌላው ሕመም ሁሉ ይደረስበታል የሚል እምነት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስላደረብኝ፣ ለጤናዎ የምመኘውን ሁሉ ከጆሮዎ እጀምራለሁ።

እኔ ሳሃርላ ጉሌድ እባላለሁ፤ በዋናው ገበያ ከጫማ ተራው አጠገብ የሴቶች ልብስ ጨርቅ እሸጣለሁ። የዚህ አገር ሰው ጉዳዩን በድምፅ እንጂ በወረቀት እንደማይጨርስ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ስንጣላም፣ ስንታረቅም፣ ዕቃ ስናዝም የምንልከው የድምፅ መልእክት ነው። ይሁን እንጂ ድምፅ በእናንተ ዕቃ በኩል ሲያልፍ ምን እንደሚገጥመው ስላየሁ፣ ይህን አቤቱታ በጽሑፍ ማቅረቡን መርጫለሁ፤ ፊደል ቢያንስ መሐል ላይ እልም ብሎ አይጠፋም። የማዳመጫውንም ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ በነጻ የምሠራ ሴት አይደለሁም።

አንደኛው ቅሬታዬ ማዳመጫው መሥራቱ ነው። ጨርሶ ባይሠራ ኖሮ ወርውሬው አርፌ እቀመጥ ነበር። እሱ ግን ይሠራል፤ ደስ እስኪል ድረስ ይሠራል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ሲንቆረቆር ይቆይና ሰውየው ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ይመለሳል። አጎቴ ከበርበራ "እንግዲህ የመርከቡን ነገር ልንገርሽ፤ መርከቡ" ብሎኝ፣ ቀጥሎ የሰማሁት "ስለዚህ ለማንም እንዳትናገሪ" የሚለውን ነው። ክቡርነትዎ ይመኑኝ፣ ምስጢር እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ ዕቃ ዓይቼ አላውቅም፤ ለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስገዛውም ቢሆን ሻጭዎ ወይዘሪት ሂቦ "ኤዶ፣ ይህን ጆሮሽ ላይ ካደረግሽ ዓለም ሁሉ ጸጥ ይልልሻል" ብላኛለች። አክስቷ ሳልሆን ኤዶ ማለቷን እንኳ ለአክብሮት ወስጄላታለሁ። ጸጥታውን በተመለከተ ግን አንድም ቃል አልዋሸችም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክራችሁ። ማዳመጫውን ይዤ ስመጣ ሂቦ በትሕትና ተቀብላኝ በደረቅ ጥጥ እንድጠርገው ነገረችኝ፤ ጠረግሁ። ቻርጁን ሙሉ አድርጊው አለችኝ፤ ሞላሁ። በመጨረሻም ስልኬን ከእጄ ተቀብላ "አሁን ስልኩ ማዳመጫውን ይርሳው፣ ከዚያ ሁለቱን እንደ አዲስ እናጣምራቸዋለን" አለችኝ። ይህን የመርሳትና እንደ አዲስ የመጣመር ጥበብ በጣም አደነቅሁት፤ አገሩ ሁሉ በዚህ ቢተዳደር ስንት ፍርድ ቤት ይዘጋ ነበር! ስልኩ ረሳ፤ ተጣመሩ፤ እኔም ድኛለሁ ብዬ መርቄያት ወጣሁ። ከሱቃችሁ በር እስከ ገበያው ድረስ ሳይቋረጥ ሰርቷል፤ መንገዱ አጭር ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ረዘም ይላልና እባክዎ ይቀመጡ።

ልጄ ሆዳን ለቡርኦዋ ለኢዲል ሮብሌ ልጅ ለጋራድ ታጭታለች። ኢዲል የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ማዕድ በልተን፣ በአንድ ሻሽ ተከናንበን ያደግን ነን። ኒካው ለመጪው ዓርብ ተቆርጦ ሳለ፣ ኢዲል እንደ ወጉ ለሙሽራዋ እናት የሚላከውን ቡራንቡር ገጥማ በድምፅ ላከችልኝ። የቡራንቡርን ሕግ እርስዎ በእናትዎ ጉያ ሳሉ ሰምተውታል፤ የማነሳው የማዳመጫው ሠሪዎች ስላልሰሙት ነው። የሴቶች ግጥም በጀመረበት ፊደል ይዘልቃል፤ በ"ገ" ከጀመረች እስከ መጨረሻው ስንኝ በ"ገ" ዘር ትሄዳለች፤ አንድ ስንኝ ያንን ፊደል ከሳተ ገጣሚዋ የዓመት መሳቂያ ትሆናለች። በዚህ የተነሳ የእኛ ሰው ጆሮ ሥራ አይፈታም። አንድ ቃል ሲወድቅበት ራሱ ጎንበስ ብሎ፣ ከዚያው ፊደል የሚስማማውን አንስቶ ይሞላል። አያቶቻችን በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ግጥም የሰሙት እንዲህ እየሞሉ ነው፤ ማንም ተጎዳ ሲባል አልሰማሁም።

ኢዲል ለአባቴ ለጉሌድና ለልጇ ለጋራድ ክብር ስትል በ"ገ" ጀመረች። እኔ ጎንበስ ብዬ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። "ጓዳሽን ጎብኝቼ ያየሁት" አለችና ማዳመጫዎ ጸጥ አለ፤ ከዚያ "ነው" ሲል ተመለሰ። ክቡርነትዎ ልብ ይበሉ፤ ኢዲል ባለፈው ስትመጣ ቤቴ እስከ ጣሪያው ጨርቅ ታጭቆበት፣ ሩዙም አርሮ ነበር። ምን ልሙላበት? "ጉድፍ" ብዬ ሞላሁበት። ወደ ጥሎሹ አልፋ ቀጠለች፤ "ለልጅሽ ግመል ብነዳ" አለች፣ ጸጥ፣ "ነው"። ጉድፍ ካልሽ በኋላ ምን ይቀርሻል ብዬ "ግፍ" አስገባሁበት። ሦስተኛው መጣ፤ "ገበያውን ብዞር እንዳንቺ ያለ"፣ ጸጥ፣ "አላገኘሁም"። እዚህ ላይ "ገልቱ" የሚለውን ቃል ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ ራሱ መጥቶ አፌ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ ጓዳዬ ጉድፍ፣ ልጄ ግመል ቢነዳላት ግፍ፣ እኔም በገበያው ሁሉ አቻ የሌለኝ ገልቱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አልኩ። ወይዘሪት ሂቦ በኋላ "ታዲያ ኤዶ፣ ለምን ደግመሽ አልሰማሽውም?" ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄው ብልህ ነው፤ የሚያስመሰግናትም ነው፤ ነገር ግን ስድብን ደግሞ ለመስማት የሚቀመጥ ሰው በእኛ ወገን አልተወለደም። መልስ ያደረበት ግጥም ደግሞ የተሸነፈ ግጥም ነው። ስለዚህ ደንበኛዋ ጨርቁን ይዛ እንደቆመች፣ እዚያው ገበያው መሐል፣ በዚያው በ"ገ" መለስኩላት፦

ግመልሽ ገደል ይግባ፣ ግልገልሽን ከጉያሽ አታውጪው፤
ጎረምሳሽ ጎፈሬ እንጂ ጉልበት የለው፣ ጋብቻ ለጎልማሳ ነው፤
ገልቱስ የገዛ ጉድፏን ጥላ የሰው ጓዳ ጎብኚዋ ናት።

ጥሩ ግጥም እንደነበረች አልክድም። ጥሩ በመሆኗም እስከ ማታ ድረስ ቡርኦን አዳርሳ ጅቡቲ ገባች፤ ኖርዌይ ያለች የአክስቴ ልጅ "ወላሂ እጅሽ ይባረክ፣ ግን ማንን ነው?" ብላ ጻፈችልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ይህን ሳያዩ ነው፤ ቢያዩት ቅቤውን ባልጠቀሱት። ኢዲል ስልኳን ዘጋች። የጋራድ አጎቶች ዓርብ እንደማይመጡ በሰው አስነገሩ። ሆዳን ልጄ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለኒካዋ ያሰፋነውን ዲራክ ቀሚስ አጣጥፋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና "ሆዮ፣ አንቺ ግጥም ገጠምሽ፣ እኔ ባል አጣሁ" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ቃል ያለ አንዳች መቆራረጥ ጥርት ብሎ ተሰምቶኛል። ማዳመጫውን አላደረግሁም ነበርና።

አራተኛ ቅሬታ ነበረችኝ፤ ስለ ሳጥኑ ክዳን ነው፤ ንቄ ትቻታለሁ። ወደ አምስተኛው ልለፍ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሙሚና፣ ጫማ የምትሸጠው፣ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ስታዞርብኝ ዋለች። አላስችላት ሲል ጫማዋን ጥላ መጣችና፣ "አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ነካሽ? ሴትዮዋ እንዲያ ወርቅ አድርጋ አሞግሳሽ አንቺ እንዲህ ታዋርጃታለሽ? ደግሞ እኛ እንድንሰማልሽ ድምፁን ከፍተሽ!" አለችኝ። እኔ ምንም አለመክፈቴን ብነግራት፣ "ታዲያ ከወገብሽ ጀርባ ሲያወራ የነበረው ማነው? ጂን ነው?" አለች።

እዚህ ላይ የዕቃችሁ ረቂቅ ጥበብ ተገለጠልኝ። ጨርቅ ስለካ እጄን እንዳትይዘኝ ስልኬን የምይዝባትን የወገብ ቦርሳ ወደ ጀርባዬ አዙሬ ነው የማስራት። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር በስልኩና በጆሮዬ መካከል ያለው ግንኙነት ይበጠሳል፤ ግንኙነቱ ሲበጠስ ድምፁ አይጠፋም፤ በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ፣ ከጀርባዬ፣ ለገበያው ሁሉ ይነገራል። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ዓለምን ጸጥ በሚያደርገው ውታፋችሁ ወትፌ ስለቆምኩ አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት ዕድሜዬን ሙሉ ስተርት ኖሬ፣ ሠርታችሁ በሳጥን የምትሸጡት መሆናችሁን አላወቅሁም ነበር።

የጠፉኝ ቃላት በሙሉ በገበያው እጅ ተገኙ። "ጓዳሽን ጎብኝቼ ያየሁት ጌጥ ነው" የሚለውን ሙሚና ይዛዋለች። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ "ለልጅሽ ግመል ብነዳ ገና ነው" ያለችውን ሰምታ፣ እንዲህ ያለች አማት አላህ ይስጠኝ ብላ መርቃለች። "ገበያውን ብዞር እንዳንቺ ያለ ጎበዝ አላገኘሁም" የሚለውን ደግሞ ጫማ ተራው በሙሉ ያውቀዋል፤ አንዳንዱም አልተስማማበትም። ጌጥ፣ ገና፣ ጎበዝ! ሦስቱም ከዚያው ፊደል፤ ሦስቱም ከአፌ ሥር ነበሩ፤ እኔ ግን እጄን ሰድጄ ያወጣሁት ጉድፍ፣ ግፍና ገልቱ ነው። ቀዳዳው የእናንተ ነው፤ የሞላሁበት ግን ከራሴ ማድጋ የቀዳሁትን ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ቀርቻለሁ፤ የሚለቀመውን እየፈለግሁ ነው።

ደግሜ ወደ ሱቃችሁ በመጣሁ ጊዜ ወይዘሪት ሂቦ ጉዳዩን በጥሞና አዳምጣ፣ ዙሪያዬን ዞራ ካየችኝ በኋላ የመጨረሻውን ፍርድ ሰጠች። "ኤዶ፣ ማዳመጫው ምንም የለበትም። ችግሩ ሰውነትሽ ነው። ሰው ውሃ ነው፤ ብሉቱዝ ደግሞ ውሃ አያልፍም። አንቺ ደግሞ..." ብላ ዝም አለች። ከእናንተ ቤት ከሰማኋቸው ጸጥታዎች ሁሉ ትሕትና ያየሁበት ይህኛው ብቻ ነው። ክቡር ሆይ፣ በእኔና በጓደኛዬ መካከል የቆመው የገዛ ሰውነቴ መሆኑን ስላስረዳችሁኝ በልቤ ሙላት አመሰግናለሁ። ይህን ሰውነት ማዳመጫውን ከመግዛቴ በፊትም ይዤው እንደነበር፣ በራችሁም በእሱው እንደገባሁ፣ ሻጭዎም በዓይኗ እንዳየችው ለማስታወስ ያህል ብቻ እጠቅሳለሁ። ሳጥኑ ላይ "ለቀጫጭን ሰዎች" ተብሎ ቢጻፍ፣ ኢዲልን ሳላስቀይም ሌላ ዕቃ እገዛ ነበር።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። የተሰደበ ሰው በአገራችን ሕግ ሐል ይገባዋል፤ ክብሩ ተነክቷልና የክብር ካሣውን ይቀበላል። ለኢዲል የሚገባውን ሐል ያለ ክርክር እሰጣለሁ፤ ከእናንተም ሽራፊ አልጠይቅም። የምለምነው እርስዎን ነው። ከዓርብ በፊት አብረውኝ ቡርኦ ይሂዱ፤ በኢዲልና በዘመዶቿ ፊት ቆመው "ዕቃችን ሦስት ቃል ሰርቆ ለገበያ አከፋፍሏል" ብለው ይመስክሩ። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ጥርስ የሌላቸው አሮጊቶች እንኳ "ማዳመጫ ነው ያሰደበኝ ትላለች" ብለው ሊስቁብኝ ነው። እርስዎ ግን ከረባት ያስራሉ። መኪናውን እኔ አዘጋጃለሁ፤ የፊቱን ወንበር ለእርስዎ እለቃለሁ፤ በመንገድም ላይ አልናገርዎትም፤ ቢፈልጉ በሁለቱም ጆሮዎ የራስዎን ዕቃ አድርገው መሄድ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ብናገርዎትም አይሰሙኝም።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ግንኙነትዎን ከሚወዱት ሁሉ ጋር ያጽናው፣ የሚነገርዎትንም ነገር ከነመጨረሻው ያሰማዎ እያልኩ፣

ውሃነቷ የተረጋገጠ ታማኝ ደንበኛዎ፣
ሳሃርላ ጉሌድ
ከጫማ ተራው አጠገብ፣ ሐርጌሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቡርኦ መሄዱ ቀርቶልዎታል፤ ከረባትዎን ይፍቱ። ይህን ደብዳቤ ወደ እርስዎ ከመላኬ በፊት ሙሚና ተቀብላኝ ለጫማ ተራው ጮክ ብላ አነበበችው፤ እንደ ልማዳችንም አንዱ በድምፅ ቀዳው፤ ከእርስዎ ጠረጴዛ በፊት ኢዲል ዘንድ ደረሰ። ዛሬ ረፋድ ላይ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የማዳመጫውን ሁለት ፍሬዎች ከጆሮዬ አውልቄ ሳጥናቸው ውስጥ ከተትኩና ስልኩን ከጀርባዬ አውጥቼ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቀፍኩት፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ከገበያው ጋር ሰማሁ፦

ግድ የለም፣ ግመሌም ይነዳል፣ ጋራድም ገስግሶ ይመጣል፤
ጋብቻውን የጎዳው ገመድ አልባው ግዑዝ ነው፤
አንቺ ግን፣ የጉሌድ ልጅ፣ አንቺ ግን ........ ነሽ።

እዚያ ላይ ጸጥ አለ። ተበላሽቷል ብዬ ስልኩን አገላብጬ አየሁት። አልተበላሸም፤ የምትተነፍሰው ይሰማ ነበር። ቃሉን ሆን ብላ ትታልኝ ነው፤ ጥቂት ቆይታ "በይ ሙዪው፣ አባዮ" አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ገበያው ተንጫጫ፤ ሻይ አፍዪዋ "ጌጥ በይ!" አለች፤ ሙሚና "ጉደኛ! ጉደኛ በያት!" እያለች ጫማ ጠረጴዛዋን ደበደበች። እኔ ግን ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ "ገልቱ" ብዬ ላክሁላት። ኢዲል በሳቅ መለሰችልኝ፤ እንዲህ ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋት ሁለታችንም በአንድ ሻሽ በነበርንበት ጊዜ ነው። ቤት ስገባም ልጄ አጣጥፋ የመለሰችልኝን ዲራክ አንስታ ሰቀለችው።

ለዓርቡ ኒካ እርስዎም ተጠርተዋል፤ ሐልዋውም አይቀርብዎትም። የኢዲል ጨዋታ ደስ ስላለኝ ለእርስዎም አንዲት ስንኝ ገጥሜያለሁ፤ በሴቶቹ ፊት ስለምትነበብ ከመምጣትዎ በፊት ቢሞሏት መልካም ነው፦

ክቡር አቶ ቡላሌ፣ እርስዎ በእውነቱ ........ ነዎት።

ፊደሉ "ገ" ነው።